በስኬልቢ አልጋ አልነበረም

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በሰሜን እንግሊዟ ከተማ በስኬልቢ የምትኖረው ሄስተር ባሏ በሳንባ በሽታ ከሞተባት ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር ውሃ ሲሄድ ይሰማኛል ትላለች። ታናሽ እህቷ ዊኒፍሬድ መጀመሪያ ላይ አብራት ጎንበስ ብላ አዳመጠች፤ ምንም የለም። ሄስተር ግን በእሳት መቆስቆሻው ሳንቃውን እየፈነቀለች፣ ጣቶቿ እስኪደሙ አፈሩን ትጭር ጀመር። መብላትም ተወች።

ዊኒፍሬድ የከተማው ሰው አዋጥቶ ወዳሠራው ትንሽ ሆስፒታል ሄደች። ዶክተር ሮትሪ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ያውቃቸዋል።

«እኔ እዚህ የማስተኛው ወላድና እግሩ የተሰበረ ነው» አላት። «ለእንዲህ ያለው ሕመም ያለን ከኮረብታው ማዶ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል ነው።»

«እዚያ የገባ መች ይወጣል ዶክተር? አንድ ጥግ ይስጧት፤ እኔ አጠገቧ መሬት ላይ እተኛለሁ።»

«ማታ ያለችኝ አንዲት ነርስ ናት ዊኒ። ብትነሳባት ማን ይይዛታል?» ዓይኑን አሸሸ። «የሆስፒታሉ መኪና ሊወስዳት ሲመጣ ወደ ባሕር ልንሄድ ነው በያት። እንዳትታገል።»

መኪናው ሲመጣ ሄስተር ያለ ንትርክ ለባብሳ የክት ባርኔጣዋን ደፋች። ጎረቤቶች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው አዩ። መኪናው ኮረብታውን ሲያያዘው ዊኒፍሬድ የነገረቻትን ውሸት መሸከም አቃታት።

«ሄስ፣ ወደ ባሕር አይደለም የምንሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ባርኔጣው?»

«እሱ ለጎረቤት ነው። እብዷ ሄደች ከሚሉ፣ ዘንጣ ሄደች ይበሉ።» ፈገግ ብላ የእህቷን እጅ ያዘች። «እንዳትተዪኝ፣ እሺ?»

«አልተውሽም።»

መጠየቅ የሚቻለው በወር አንድ ቅዳሜ ነበር። ዊኒፍሬድ አውቶቡስ እየቀያየረች ትሄድ ነበር። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ግን በረዶ ኮረብታውን ዘጋው፤ እስኪቀልጥም ወራት ፈጀ።

መንገዱ እንደተከፈተ ሄደች። ሄስተር ጸጉሯ አጭር ተቆርጦ፣ በረጅሙ አዳራሽ ከሌሎች ሴት ታካሚዎች መሃል ተቀምጣለች። ያመጣችላትን ኬክ ተቀብላ በጨዋ ደንብ አመሰገነቻት።

«ከሩቅ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«ከስኬልቢ።»

«እኔም እህት አለችኝ እዚያ። በረዶው ይዟት ነው እንጂ ትመጣ ነበር።»

 «ትመጣለች» አለቻት ዊኒፍሬድ፤ የመጠየቂያው ሰዓት ማብቂያ ደወል እስኪደወልም አጠገቧ ተቀመጠች።

ሄስተር ከዚያ ቤት አልወጣችም። ዊኒፍሬድም እንደ እንግዳ እየተቆጠረች ቅዳሜዋን አላጓደለችም።