ሠላሳ ጠርሙስ፣ ሃያ ሁለት ክዳን

ነሐሴ ሲያልቅ ሌስኮቫጽ ከተማ ውስጥ ቀይ ቃሪያ የማይጠብስ ቤት የለም። ራድሚላ ግን ያን ቀን ጠዋት እሳት አላነደደችም። አይቫር ለሚባለው የተጠበሰ ቃሪያ ድልህ ጠርሙሶች የጎደሏትን ስምንት ክዳኖች ከገበያ ገዝታ፣ ከረጢቱን እንዳንጠለጠለች ልጇን ኔቬናን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ኔቬና ሰኔ ላይ በኬሚስትሪ ወድቃ ነበር። ዛሬ ሦስት መምህራን ፊት ቆማ ድጋሚ ትፈተናለች። ካለፈች አራተኛ ዓመት ትገባለች፤ ከወደቀች ሦስተኛውን ከትናንሾቹ ጋር ትደግማለች። «ከደገምኩ ትምህርቴን አቆማለሁ» ብላለች። ራድሚላ ደግሞ ይህች ልጅ ያለችውን ሳታደርግ ስትቀር አይታ አታውቅም።

የፈተናው ክፍል ምድር ቤት ነው። በሙቀቱ ምክንያት መስኮቱ ተከፍቷል። ከመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ራዶዬ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ እንጂ! ተፈታኟ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ትወድቃለች፣ ጋሽ ራዶዬ።»

«ገና ጠመኔ ሳትይዝ?»

«ልቤ ነግሮኛል።»

«ልብሽ አምና የጂምናዚየሙ ጣሪያ ይደረመሳል ብሎሽ አልነበር? ይኸው ቆሟል።»

ከውስጥ የኔቬና ድምፅ ተሰማ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች። ሁለተኛውን እየተንተባተበች ጨረሰችው። ከዚያ መምህርት ጎርዳና ሦስተኛውን አነበበች፤ «አሥር ግራም ሃይድሮጂንና ስልሳ አራት ግራም ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ይሆናሉ። ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? ስንት ግራም ውሃስ ይገኛል?»

ራድሚላ እፎይ ብላ ጋሽ ራዶዬ አጠገብ ቁጭ አለች። ይህንንማ እሷ ራሷ ነበረች ያስተማረቻት! ሐምሌ ላይ ልጅቷ «አልገባኝም» እያለች ስታለቅስ፣ ሠላሳ ባዶ ጠርሙስና ሃያ ሁለት ክዳን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ «ስንቱ ይከደናል? ሃያ ሁለቱ። ያነሰው ቀድሞ ያልቃል፤ በቃ ይኸው ነው» አለቻት። ኔቬና በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሁለተኛ ደረጃ ብቻ የጨረሰችው እናት ሳምንቱን ሙሉ ኮራች።

«ሃይድሮጂን ነው» አለች ኔቬና ወዲያው።

«ለምን?»

«ያነሰው እሱ ነዋ። ያነሰው ቀድሞ ያልቃል።»

ራድሚላ ራሷን በእርካታ ነቀነቀች። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ተንቋቋ።

«ዘጠና ግራም ውሃ።»

«ልጄ» አለች መምህርቷ፣ «ያስገባሽው ተደምሮ ሰባ አራት ግራም ነው። ዘጠናው ከየት መጣ?»

ራድሚላ ሁለት ኪሎ ቃሪያ ጠብሶ ሦስት ኪሎ ያወጣ ሰው አታውቅም።

«ክብደቱን ተይውና ስንት ሞል እንደሆነ አስቢ። አንዱ ኦክስጅን ስንት ሃይድሮጂን ይፈልጋል?»

ሁለት። ራድሚላ ከሃያ ዓመት በኋላ ትዝ አላት። ሁለት ለአንድ ነው፤ ሃይድሮጂን ደግሞ እንደ ላባ ቀላል ስለሆነ አሥር ግራሙ ብዙ ነው። የእሷ ጠርሙስ ግን አንድ ክዳን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ይህን አልነገረቻትም።

«እናቴ ግን…» አለች ኔቬና፤ ሳትጨርሰው ተወችው።

ራድሚላ ብድግ አለች። ጋሽ ራዶዬ ክንዷን ያዙ። «አንዲት ቃል ከተነፈስሽ ፈተናውን ይሰርዙባታል! እረፊ!»

በዚህ መሃል ከጎረቤት ግቢ የቃሪያ ጭስ መጣ። ውስጥ ያለ አንድ መምህር እያሳለ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ራድሚላ በመስታወቱ የምታየው የልጇን ጀርባና የማይንቀሳቀሰውን እጇን ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ አላለፈችም። ኔቬና አነበበችው። አላለቀሰችም። መንገዱን ተሻግረው መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማ፣ ለአንድ ክዳን ሁለት ጠርሙስ ቢያስፈልግስ?»

«ምን አልሽ?»

«ሃይድሮጂኑ አምስት ሞል ነው። ኦክስጅኑ ሁለት። ሁለቱ የሚበቁት ለአራት ሃይድሮጂን ነው፤ አንዱ ይተርፋል። ያለቀው ኦክስጅን ነው! ውሃው ሰባ ሁለት ግራም ነው!»

ራድሚላ እጇን ይዛ እየሮጠች ወደ ትምህርት ቤቱ መለሰቻት። መምህርት ጎርዳናን ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«አሁን ገብቷታል! አሁን ይጠይቋት፣ እባክዎ!»

«ወይዘሮ ራድሚላ፣ ሦስታችንም ፈርመናል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ በክዳን ያስተማርኳት…»

መምህርቷ ከረጢቱን አየችው። «በክዳን ማስተማርዎ ክፉ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «መዝገቡ ግን ተዘግቷል። አዝናለሁ።»

ሲወጡ ጋሽ ራዶዬ ተነስተው በሩን ከፈቱላቸው።

ቤት ሲደርሱ ቃሪያው በጆንያ እንዳለ ነበር። ኔቬና ሳትታዘዝ ሠላሳውን ጠርሙስ ደርድራ፣ አዲሶቹን ክዳኖች ከድሮዎቹ ጋር ቀላቅላ አንድ በአንድ መክደን ጀመረች። ምንም ሳይጨመርባቸው፣ ባዶዎቹን። ራድሚላ «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትመለሻለሽ፣ አይደል?» ልትላት ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። መልሱን ፈርታ ዘጋችው።