ሰማያዊው የጣሳ ቁራጭ

ሦስተኛው የካርቶን መቁረጫ ማሽን በዚያ ጠዋት እንዲህ ነበር። በሩ ተዘግቷል። የበሩ መስታወት ተወልውሎ ከውስጥ ያሉት ቢላዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። በበሩ ጠርዝ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ቀጭን የብረት ምላስ አለ። በሩ ሲዘጋ ምላሱ በማሽኑ አካል ላይ ወደተገጠመች ትንሽ የማብሪያ ሳጥን ይገባል፤ ማሽኑም ይነሳል። በሩ ሲከፈት ምላሱ ከሳጥኗ ይወጣል፤ ማሽኑም ወዲያው ይቆማል። የሰው እጅና ቢላዋ እንዳይገናኙ የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ በዚያች ምላስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው በሩን ደጋግሞ ከፈተ፤ በከፈተ ቁጥር ማሽኑ ቆመ። ቀዩን የድንገተኛ ማቆሚያ ተጫነ። የመቆሚያውን ፍጥነት በመለኪያው ለካ። ተንበርክኮ ከሥር ያሉትን መከለያዎች በባትሪ መብራት አየ። ደንቡ የሚጠይቀው አንድም አልጎደለም። ከቦርሳው አረንጓዴውን ምልክት አውጥቶ በሩ ላይ ለጠፈና ጠርዞቹን በአውራ ጣቱ አሻሸ። ይህን ማሻሸት ይወደዋል።

«ኢንጂነር፣ ለእኔም ግንባሬ ላይ አንድ ይለጥፉልኝ እንጂ! ባሌ ደህና መሆኔን ያለ ማኅተም አያምንም።»

ይህን ያለችው ማሽኑን የምታሠራው ሴት ናት። ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከገባች እስክትወጣ ወሬዋ ስለማይቋረጥ «ሬዲዮ» ይሏታል። እሷም ቅጽል ስሙን ወዳዋለች። «ያውም ባትሪ የማይጨርስ» እያለች ትጨምርበታለች።

«አምና ያስተማሩንን እንዳልረሳን አዩ አይደል?» አለችው።

አየ፤ ደስም አለው። በማስተማር ይመሰገናል። ባልደረቦቹ ደንብ ሲያነቡ ሠራተኛው ያንቀላፋል፤ እሱ ግን ማሳቅ ያውቅበታል። አምና በዚሁ ፋብሪካ የመመገቢያ አዳራሽ ሁሉንም ሰብስቦ፣ እንደ ማሽኑ ያለች የማብሪያ ሳጥን ከአምፖል ጋር አያይዞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ባዶ የቀለም ጣሳ በቆርቆሮ መቀስ ቆርጦ የምላሱን ልክ አወጣ። ማንንም እንዳይቧጭር ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰና ሳጥኗ ውስጥ ሰካው። አምፖሉ ቦግ አለ።

«አያችሁልኝ? በር የሚባል ነገር የለም፤ እሷ ግን በሩ ተዘግቷል ብላ ቁጭ ብላለች። የዋህ ናት! እናንተ የዋህ እንዳትሆኑ። ይህን የሚያደርግ ሰው እጁን አውጥቶ እንደጣለ ይቁጠረው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ ተጨበጨበ። ወደ ቤቱ የሄደው እያፏጨ ነበር።

ፍተሻውን ጨርሶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ ሻይ ቀረበለት። ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ «ምንም ችግር የለም» ማለት የሚያዘወትር ሰው ነው። ሻዩ ሳይጋመስ ተቆጣጣሪው ኪሱን ዳበሰ። ባትሪው የለም። ከማሽኑ ሥር ረስቶታል።

«ሰው ልላክ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ ራሴ ደርሼ ልምጣ።»

በኋላ በኩል ባለው ደረጃ ወረደ። ከታች እንደደረሰ ጆሮው ቀድሞ ነገረው። ካርቶን የሚቆርጥ ማሽን ቁርጥራጭ ሲወተፍበት ይቆማል፤ ይጠረጋል፤ ይነሳል። ይህኛው ግን ያለ ፋታ ይመታል። በምሰሶው በኩል ብቅ ሲል አረንጓዴ ምልክት ያሻሸበት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሬዲዮ ክንድ እስከ ክርኗ ውስጥ ነው። ቢላዎቹ ሲለያዩ እጇን ሰድዳ ቁርጥራጩን ትመነትፋለች፤ ሲገጥሙ ትመልሰዋለች። እንዲህ እያደረገች ከጎኗ ላለችው ልጅ ስለ አማቷ ታወራለች።

ተንደርድሮ ቀዩን ማቆሚያ መታው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ከሳጥኗ ውስጥ የተሰካውን ነገር ነቅሎ ከፍ አድርጎ ያዘው። የሥራ ቦታው ሁሉ ዞሮ ሲያይ ሥራ አስኪያጁም ከደረጃው ላይ እያለከለከ ደረሰ።

«ይህን ማን ነው ያስተማረሽ?» ሲል ጮኸ ተቆጣጣሪው።

ሬዲዮ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ሄደ። የሚጠበቅባት መልስ ምን እንደሆነ ግራ የገባት ትመስል ነበር።

«ማንም» አለች። «ከራሴ ነው።»

ያን ጊዜ በእጁ የያዘውን አየ። የቀለም ጣሳ ቁራጭ ነው፤ በአንድ ጎኑ ሰማያዊ ቀለም ቀርቶበታል። ጠርዙ በሞረድ ለስልሷል። ማዕዘኖቹ ሳይቀሩ ክብ ተደርገዋል። በዚህ ዓይነት ማዕዘን ክብ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ያውቃል።

ሁሉም እሱን ይጠብቃል። አፉን ከፈተ።

«የዓይን መከላከያ መነጽር እንኳ አላደረገችም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ብቻ ይፈልግ ነበር። «ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ። ኢንጂነር፣ ሲያዩት የአንድ ሰው ብልግና ነው፤ ድርጅቱን የሚመለከት ነገር የለም። እንዲያው በዚህ መልክ ይያዝልን።»

ሬዲዮ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሽርጧን ፈታች። በሬዲዮ ዝምታ የደነገጠው ሠራተኛ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያይ ጀመር። ተቆጣጣሪው ዘወር ብሎ አረንጓዴውን ምልክት በጥፍሩ መፋቅ ያዘ። ጠዋት በደንብ ስላሻሸው አልለቅ አለ። በግማሹ ላይ ቀዩን ለጠፈበት።

ከግቢው በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሽርጧንና የሥራ ጫማዋን በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛለች። ከአጠገቧ ለመቀመጥ ድፍረት አጣ፤ ቆሞ ቀረ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ‹እርስዎ ነዎት› ልበልና ያን ሁሉ ሰው ፊት ላዋርድዎ? ደግሞ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር እኮ።» ፌስታሉን አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። «ስለ መነጽር ሲያነሱ ግን ገረመኝ።»

የማያስፈልግ ጥያቄ ጠየቀ። «ከየት አገኘሽው?»

«ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ። ያን ቀን ካስተማሩን ውስጥ ልቤ የያዘው እሱን ነው፤ አቤት ሲያምር! ያው ቁርጥራጭ ይወተፋል። በሩን ስከፍት ይቆማል፣ ለመነሳት ደግሞ እንደ ሙሽራ ይለመናል፤ መስመሩ በሙሉ ‹ሬዲዮ፣ ሞትሽ እንዴ?› ይለኛል። ሞከርኩት፤ ሠራ። የተቀሩት የእኔን እያዩ ቆረጡ። የእርስዎ ግን ይሻላል፤ እጅ አይቧጭርም።»

ይህን ያለችው ለማቁሰል ብላ አልነበረም። ዕቃው ጥሩ ስለሆነ አመሰገነች እንጂ።

ከአምናው ትምህርት በፊት በተቆጣጣሪው ቤት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ትንሿ ልጁ የማቀዝቀዣው መብራት በሩ ሲዘጋ እንዴት እንደሚጠፋ ብትጠይቀው፣ በጠርዙ ያለችውን ቁልፍ በጣቱ ተጭኖ አሳያት። በማግሥቱ ልጅቱ ቁልፏ ላይ ማስቲካ ለጠፈችበት፤ መብራቱ በሩ ተከፍቶም አልበራ አለ። ሲቆጣት ሚስቱ ከጓዳ፣ «አንተው አሳይተህ አንተው ትቆጣለህ?» አለችው። ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ስለጣመው ታሪኩን በየሄደበት ትምህርት መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ ይነግረው ጀመር። በዚህ ፋብሪካም ነግሮታል። አሁን አግዳሚው አጠገብ ቆሞ የሚስቱ ድምፅ ዳግም ሲሰማው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እንዳትሄጂ» አላት። «እዚሁ ጠብቂኝ።»

«ወዴት እሄዳለሁ? ባሌ ቤት ነው፤ በዚህ ሰዓት ብገባ ምን ሆንሽ ይለኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ነገሩን ሰምቶ እስኪጨርስ ፈገግ እንዳለ ነበር። «ኢንጂነር፣ አዝነውላት ነው። ይገባኛል። ግን ለእሷ ብለው ራስዎን አያስገምቱ።»

«አዝኜላት አይደለም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ይሁን። እርስዎ ‹አታድርጉ› አሉ፤ እሷ አደረገች። እዚህ ላይ የእርስዎ ጥፋት ምኑ ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም ካልን ለሁላችንም ይሻላል። የእርስዎም ስም፣ የእኛም ማሽን…»

ለአንድ አፍታ ሐሳቡ ጣመው። የጣመው መሆኑ ደግሞ ከሁሉ ባሰበት። «ሰዎቹን አዳራሽ ይሰብስቡልኝ» አለ።

አምና በቆመበት ጠረጴዛ ፊት ቆመ። የተዘጋጀ ቀልድ አልነበረውም። ሬዲዮ ከበሩ አጠገብ ፌስታሏን እንደያዘች ቆማለች። የጣሳውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እዚሁ፣ እናንተ እያያችሁ። እንዳታደርጉ ልነግራችሁ ብዬ እንዴት እንደሚደረግ አስተማርኳችሁ። ስላጨበጨባችሁልኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሩን ለምን እንደምትከፍቱት አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ዛሬ ደግሞ እሷ ስትባረር…» ፊቱን ወደ ሬዲዮ አዞረ። «ቁራጩ የእኔ መሆኑን አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

«ዝም እንኳ አላሉም» አለ ከኋላ አንድ ማሸጊያ የሚያሠራ ሰው። «ስለ መነጽር ተናግረዋል።»

ሳቅ ሆነ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው ነው፤ ሳቁ ግን የአምናው አይደለም። ተቆጣጣሪው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀው። ይገባው ነበር።

«ሁላችሁም ያላችሁን አምጡ» አለ። ከሽርጥ ኪስ፣ ከኮፍያ ሥር፣ ከካልሲ ውስጥ ሳይቀር እየወጣ ጠረጴዛው ላይ ተከማቸ። ሥራ አስኪያጁ እያየ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

ሙጫ ክፍል የሚሠራ ሽማግሌ የራሱን አስቀምጦ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

«ልጄ፣ የእኔ ታናሽ ወንድም ሳሙና ፋብሪካ ነው። እዚያም አስተምረሃል መሰለኝ?»

«አስተምሬያለሁ፣ አባቴ።»

«እዚያም አለ።»

ሬዲዮ በማግሥቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማሽኑ ቁርጥራጩ የሚወጣበት ቀዳዳ እስኪሰፋና የማብሪያዋ ሳጥን እጅ ወደማይደርስበት ወደ ውስጠኛው ክፍል እስኪዛወር ድረስ በቀዩ ምልክት ቆመ። ተቆጣጣሪው ሲመለስ በሩን ከፍቶ ሞከረ፣ አረንጓዴውን ለጠፈ፤ አላሻሸውም። ሬዲዮም ግንባሬ ላይ ይለጥፉልኝ አላለችም። «ደህና ነዎት፣ ኢንጂነር?» አለችው እንጂ። ከትሕትናዋ ብዛት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከዚያ ትምህርቱን የሰጠባቸውን ፋብሪካዎች ሳያስጠነቅቅ ዞራቸው። በየደረሰበት፣ ማሽን ከመንካቱ በፊት፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ማን እንደሆነና ምን እንዳስተማራቸው ተናገረ። ደጋግሞ ሲናገረው ይቀላል ብሎ ነበር። አልቀለለም።

ፋብሪካዎቹ ዘጠኝ ናቸው። የጣሳ ቁራጭ በሰባቱ ተገኘ። ከሰባቱ በአራቱ፣ ልክ እንዳሳያቸው፣ ጠርዙ በሞረድ ለስልሶ ነበር።