ለአዛናው የተከለከለው ኪኒን

በመተማ ዮሐንስ ገበያ አጠገብ የነበረውን መድኃኒት ቤት የከፈቱት ሐጂ ሽኩር ናቸው። በወጣትነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ቁስል እያጠቡ ያወቁትን ይዘው መጡና ከቤታቸው ፊት ለፊት በጭቃ ሠሩት። ሲሞቱ ቤቱ ለልጃቸው ለዋሲላ፣ ሥራው ለባሏ ለሷሊህ ቀረ። ሷሊህ መድኃኒቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ሹም ሲያይ ይርበተበታል።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ንዳድ ሰፈሩን አጋደመው። አንድ የጣሊያን መኮንን አስተርጓሚ አስከትሎ መጣና የንዳድ መድኃኒት የሆነው ኪኒን ለወታደርና ለባንዳ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ። ለሌላ የሸጠ ለሽፍታ እንዳቀበለ ይቆጠራል ተባለ። በሩ ላይም አንድ ባንዳ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን የሻረግ መጣች። ባሏ አዛናው የሷሊህ የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ሽንፋ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት በቃሬዛ ነበር የተመለሰው።

«ጋሼ ሷሊህ፣ አዛናው ሰው መለየት አቅቶታል። ትንሽ ኪኒን ይስጡኝ።»

ሷሊህ ባንዳውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «የለም።»

«ከኋላዎ ያለው ጠርሙስስ?»

«ለአንቺ የለም አልኩሽ። ሂጂ።»

ባንዳው ሳቀ። የሻረግ መሬቱን እያየች ወጣች።

ዋሲላ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ባንዳው ለምሳ ዞር ሲል አምስት ፍሬ በለበሰችው ቶብ ጫፍ ቋጥራ ወደ ጎረቤት ሮጠች። አዛናው ግን መዋጥ ተስኖት ነበር። በማግሥቱ ተቀበረ።

ሷሊህ ለቅሶ ለመድረስ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ጀርባውን ሰጠው። የሻረግ እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ቀና ብላ አየችውና፣ «ውጣልኝ፤ አንተ ገዳይ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት መዝጊያው ላይ እበት ተለጥፎ ያገኛል። ዋሲላም የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣች። «ይህ የአባቴ ቤት ነው» አለችውና ኪኒኑን ጥቂት ጥቂት እያደረገች በጫካ ላሉት አርበኞች መላክ ጀመረች። ሷሊህ እያየ አልከለከላትም።

መኮንኑ ሲፈትሽ ሁለት ጠርሙሶች ባዶ ሆነው አገኘ። «ማነው የወሰደው?» ብሎ ጮኸ። ዋሲላ አፏን ልትከፍት ስትል ሷሊህ ቀደማት። «እኔ ነኝ» አለ።

ገበያ መሐል አስተኝተው ገረፉት፤ ከዚያም ጎንደር ወስደው አሰሩት። የሻረግ ሲገረፍ ቆማ አየች። አላለቀሰችም።

ጣሊያን ሲወጣ ሷሊህ አንድ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። በጦርነቱ መድፍ ያፈረሰውን ቤት ዋሲላ በሣር ክዳን አቁማው ነበር። አስገባችው፤ መድኃኒቱን ግን ራሷ ትሸጥ ነበር።

አንድ ቀን የሻረግ ንዳድ የያዛትን ልጇን አዝላ በበሩ አለፈች። ሷሊህ ተከተላት።

«ኪኒን አለ፤ በነፃ ውሰጂ። ተገርፌበታለሁ እኮ።»

«የተገረፍከው ለሚስትህ ነው» አለችው። «ለአዛናው አይደለም።»

ልጇን እንዳዘለች ወሰኑን ተሻግራ ከገላባት ገዛች። ልጅቷ ዳነች። የሻረግ በሕይወት እስካለች ድረስ ያንን ደጃፍ አልረገጠችም። ዋሲላ ለዕርቅ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከችባት፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ እንኳ ሳታቀምስ መለሰቻቸው።