ከመሃድ በትር የተሠራው እስክሪብቶ

ሰማታር የእንጨት እስክሪብቶ በመሥራት ድሬዳዋ መጋላ ገበያ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ትዕቢቱም በዚያው ልክ ነው። እንደ መስታወት አብረቅርቆ ፊት የማያሳይ እስክሪብቶ ከሱቁ አይወጣም።

ሰኞ ዕለት አዴ ሃሊሞ በሻሽ የጠቀለለችውን ቁራጭ እንጨት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። የሟች ባሏ የመሃድ በትር ነው። ታችኛውን ምስጥ ጨርሶት የተረፈው ስንዝር የሚያህል መጨበጫው ብቻ ነበር። አርባ ዓመት የመሃድ መዳፍ ስላሸው እንደ ተምር ጠቁሯል፤ አውራ ጣቱ የሚያርፍበትም ጎድጎድ ብሏል።

«እሁድ የጦልሃ ኒካህ ነው» አለችው። «ልጄ አባቱ የጨበጠውን ጨብጦ ይፈርም። ሌላ የቀረን ነገር የለም። አደራ፣ ሰማታር።»

«አቦ፣ ለኔ ተይው አዴ! መስታወት ነው የማደርግልሽ።»

ምነው ያኔ ምላሱን በቆረጠው!

በትሩ ቀጭን ስለነበር ውስጡን ቦርቡሮ የቀለሙን ቱቦ ከመክተት ሌላ ብዙ ሥራ አልነበረውም። ከዚያ እንዲያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀባው። በማግስቱ ሲነካው ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ፀሐይ ያደርቀዋል ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣው፤ የድሬ ፀሐይ ግን መቀቀል እንጂ ማድረቅ መቼ ታውቃለች፣ አረፋ በአረፋ አደረገችው። በቤንዚን ጠርጎ እንደገና ቀባ። አሁን ደግሞ ቫርኒሹ እንጨቱን እየሸሸ እዚህም እዚያም ተሸነቆረ።

ያን ጊዜ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አሸተተው። ሰሊጥ! መሃድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በየጁምዓው በትሩን የሰሊጥ ዘይት ይቀባ ነበር። ሰማታር ራሱ መስጊድ በር ላይ ስንቴ አይቶታል። እያወቀ ረሳው። አርባ ዓመት ዘይት የጠጣ እንጨት ቫርኒሽ አይዝም። ሲጀመር በዚያው ዘይት ወልወል አድርጎ ቢተወው ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ቫርኒሹ የእንጨቱ ሥጋ ውስጥ ገብቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ብርጭቆ ወረቀት አነሳ። ትንሽ ፋቀ፣ ይጣበቃል። ትንሽ ጨመረ፣ አሁንም ይጣበቃል። ብናኙ መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ማቆም ፈለገ፤ ግን የሙሽራ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር እንዴት ይሰጣል? ቢፍቅ የሟቹን እጅ መፋቅ ነው፣ ቢተው ኒካሁን ማበላሸት ነው። ጨንቆት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁ ግን መፋቁን አላቆመም። ብናኙ ሲነጣ ጣቱን ሰደደ፤ ጎድጎድ ያለው ቦታ የለም።

ያን ዕለት የቀባው ቫርኒሽ እንከን አልነበረበትም።

እሁድ አዴ ሃሊሞ ሂናዋን ሞቃ፣ አዲስ ድሪያ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ሰማታር ሌሊቱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰላስል ነበር ያደረው። አሁን ግን እስክሪብቶውን ብቻ ዘረጋላት። ተቀብላ በብርሃን አየችው። ፊቷ ታየበት።

«ማሻአላህ! ወላሂ ያምራል» አለች፣ ከልቧ። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን ዘረጋች።

«በል የኛን ስጠኝ፣ ጦልሃ እየጠበቀኝ ነው።»