ያለ ቅጠል የተነከረው ወረቀት

ቤተ ሙከራው ውስጥ ማስመሪያውን ባክቴሪያው ካደገበት ብርጭቆ ሳህን ግርጌ አስጠግታ ለካች፤ እንደገና ለካች። ከአልኮል ጋር በተቀላቀለ የቅጠል ጭማቂ የተነከረው ክብ ወረቀት ዙሪያውን ያለውን ባክቴሪያ ገድሎ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር አጥርቷል። ባዶ አልኮል ብቻ የጠጣው ወረቀትም አሥራ ሁለት። በጭማቂው ተነክሮ አልኮሉ እስኪተን የደረቀው ሦስተኛው ወረቀት ግን ምንም አልገደለም፤ ባክቴሪያው ጠርዙ ድረስ ተንሰራፍቷል።

"ምነው ቅጠል በጣሿ፣ ክው አልሽ?" አለቻት የሥራ ባልደረባዋ። ቅጽል ስሙን ያወጣችላት እሷ ናት።

"የገደለው አልኮሉ ነው። ረቡዕ በደንብ ሳላደርቀው ነው ያስቀመጥኩት።"

"አልኮል ብቻ የጠጣውን ወረቀት ያኔ አብረሽ አላስቀመጥሽም ነበር?"

"የሆስፒታሉ የመጠየቂያ ሰዓት እንዳያልፈኝ ብዬ ዘለልኩት።"

ባልደረባዋ ቀልዷን ዋጠች።

ይህን ስሕተት ተማሪ ቢሠራው ኖሮ ጆሮውን የምትቆነጥጠው ራሷ ነበረች። ባክቴሪያው ከእናቷ የእግር ቁስል የተወሰደ፣ የሆስፒታሉን መድኃኒት ሁሉ የናቀ ነው። ቅጠሉን ከአጥራቸው ሥር ያሳዩዋትም እናቷ ናቸው፤ ልጅ ሳሉ ቁስል ያደርቁበት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ያንን የጠራ ክብ ስታይ ደስታ አሰከራት። ለወንድሟ ደወለች፤ ወንድሟ ለእናቱ አበሰረ፤ እናቷም እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት ሊቆርጥ የተዘጋጀውን ሐኪም "ልጄ መድኃኒት አግኝታልኛለች" ብለው መለሱት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሷ ግን የሚለቀም አልሆነም።

ወንድሟ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆሞ ይጠብቃታል።

"የመድኃኒቱ ጠርሙስስ?"

ነገረችው። ግድግዳውን ተደገፈ።

"ዛሬ ካልሆነ መርዙ ደሟ ውስጥ ይገባል ብሏል ሐኪሙ። አሁን ደግሞ የሚቆረጠው ከጉልበቷ በላይ ነው" አለ። "ስሚ፤ ቅጠሉስ ደኅና ነበር፣ ጊዜው ረፈደ በያት። ቢያንስ በልጇ አትዘን።"

ውሸቱ ለእናቷ መጽናኛ፣ ለእሷም መሸሸጊያ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወደደችው። እሺ ብላው ገባች፤ እሱም ተከተላት።

"ይኸው መጣች! ያልኩሽ ልጄ!" አሉ እናቷ ወደ አጠገባቸው አልጋ ዞረው።

እዚያ የተኙት ሴትዮ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ቀና አደረጉ። "ተባረኪ። ሰኞ ጣቶችሽን እንቆርጣለን ሲሉኝ፣ ያንቺን መድኃኒት ሰምቼ አሻፈረኝ ብያቸዋለሁ። ለእኔም ትንሽ ጠብታ አታጪልኝም መቼም።"

ዞራ ወንድሟን አየችው። በዓይኑ ለመናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ያዘች፤ ከዚያ ሴትዮዋም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"እማዬ፣ ቅጠሉ ምንም አይገድልም። ስሕተቱ የእኔ ነው።"

እናቷ ወደ እግራቸው አዩ።

"ሐሙስ ከየት ነበር የሚቆርጡኝ?"

"ከቁርጭምጭሚት።"

"ዛሬስ?"

"ከጉልበት በላይ።"

እናቷ እጃቸውን ከእጇ አወጡ። "ወረቀቱን አምጣና ልፈርም" አሉ ወንድሟን እያዩ። እሷን አላዩዋትም።

ሴትዮዋ ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ተነሳች፤ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እርስዎም ይስሙኝ" አለቻቸው፤ ከረቡዕ ጀምራ ነገረቻቸው።