ከሃያ ሳጥን አንዱ

ድርጅታችን የሚሸጠው ዳታቤዝ የሚቀርብለት እያንዳንዱ ጥያቄ የፈጀውን ጊዜ የሚመዘግብ መከታተያ አለው። አዲሱ እትም ለደንበኞች ሲላክ መከታተያው ክፍት ሆኖ ይሂድ ወይስ ዝግ፣ እንድወስን የተሰጠው ለእኔ ነበር። በሆባርት ከተማው ቢሯችን የመጀመሪያ ውሳኔዬ ነው። ክፍት ከሆነ ከፍጥነቱ ስምንት በመቶ ይበላል። ዝግ ከሆነ ደግሞ ሥራው ሲንቀራፈፍ ምክንያቱን የሚያሳይ ነገር የለም።

«ዝጊውና እንገላገል» አለኝ አለቃዬ ዴዝመንድ። «የፈለገ ራሱ ይከፍተዋል።»

ውሳኔውን ለነገ አሳደርኩት።

በማግስቱ ሁዎን ሸለቆ ወዳለ ደንበኛችን ላከኝ። ቼሪ የተባለውን ትንሽ ቀይ ፍሬ የሚያሽግ ድርጅት ነው። ሳጥኖቹ ላይ የሚለጠፈው መለያ ከዳታቤዙ ይመጣል፤ ሰሞኑን እየዘገየ የማሸጊያውን መስመር ያስቆመዋል። ቼሪ ደግሞ ሙቀት ላይ አይቆይም።

«መከታተያውን ከፍታችሁት ነበር?» አልኳት የጥራት ተቆጣጣሪዋን ግሌኒስን።

«የምን መከታተያ? እንደሰጣችሁን ነው ያለው። ስልኬ እንኳ የሚጮኸው ከሱቅ ሲገዛ በነበረው ድምፅ ነው!»

ከፈትኩት። መስመሩ ይባስ ተጎተተ።

«ሐኪሟ በሽተኛውን ልትጨርሰው ነው!» አለ አንዱ ከማሸጊያው በኩል። ሳቁ። ቶሎ ዘጋሁት።

ግሌኒስ ከሚያልፉት ሳጥኖች አንዱን አነሳች። ጥቂት ፍሬ በቢላ ሰነጠቀች፣ አየች፣ ጻፈች። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ሳጥን ዝም ብላ አሳለፈች።

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

«ሁሉንም ከሰነጠቅኩ ምን ልሸጥ ነው፣ የኔ ቆንጆ? ማርማላታ?»

ላፕቶፔን ከፍቼ መከታተያው ከሃያ ጥያቄ አንዱን ብቻ እንዲመዘግብ አደረግኩት። መስመሩ ምንም አልተሰማውም። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እየፈጀ በመዝገቡ ላይ ደጋግሞ ታየ፤ ከወቅቱ መጀመሪያ ጀምሮ የታሸገውን ሁሉ በየደቂቃው እንደ አዲስ የሚቆጥር ሪፖርት ነበር። ማታ ማታ ብቻ እንዲሠራ አዛወርኩት። መለያዎቹ ሳይቆራረጡ መውጣት ጀመሩ።

ቢሮ ስመለስ ዴዝመንድ ኮቱን እየለበሰ ነበር።

«ክፍት ሆኖ ይሂድ» አልኩት። «ግን ከሃያ አንዱን ብቻ ይመዝግብ።»

«ስንት ይበላል?»

«ግማሽ በመቶ አይሞላም።»

«የፈለገ ይከፍተዋል አላልኩሽም?»

«ማንም አይከፍተውም፣ ዴዝ። መኖሩንም አያውቁም።»

ቁጥሮቹን ቆሞ አነበበ። «ይሁን፣ አስገቢው» አለና ወጣ።

የለወጥኩት ሁለት የኮድ መስመር ብቻ ነው። ስሜ ኮምፒውተሩ ላይ ከለውጡ ጎን ወጣ። ትንሽ አየሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።