ከሽማግሌ አናት በላይ

የባላምባራስ አበጋዝ ፎቅ ሳይሠራ በፊት፣ በነቀምቴ ከፍ ያለ ነገር ቢኖር ዋርካና ግብር ብቻ ነበር። ሦስት ደርብ! ቁራ እንኳ ጣሪያው ድረስ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም፤ መሐል ላይ አርፎ ስንቁን ይበላል። የማያምን የጎረቤት ከተማ የጉቴን ሰው ይጠይቅ፤ ፍርፋሪው የሚወድቀው እነሱ ደጅ ነው።

አናጺው ጉሉማ ግን ሲሠራው የሚያስበው ሚስቱን ድርቤን ነበር። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ አፏ እንደተዘጋ ነው። ባላምባራስን ለምኖ ሁለተኛው ደርብ ላይ ሰፊ በረንዳ አስቀረ፤ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ቸነከረበት። ደረጃውንም ተከራይ ሁሉ በዚያ ሳያልፍ ክፍሉ እንዳይገባ አድርጎ አዞረው። «ሰው ከተቀመጠ ያወራል፤ ሰው ካወራ፣ መሐላቸው ሳስቀምጣት ድርቤም አንድ ቀን ትመልሳለች» ብሎ።

ተከራይ ገባ። የተቀመጠ ግን የለም። ሸማኔው ታፋ ጋቢውን ሰብስቦ በእግሩ ጣት ያልፋል፤ የጸሐፊው ሚስት ሸዋጌጥ ትንፋሿን ሳይቀር ትውጣለች።

«እትዬ ሸዋጌጥ፣ ምነው አረፍ ቢሉ?»

«ከሥር ኦቦ ጨመዳ ተቀምጠው? ሽማግሌ አናት ላይ ወሬ ልጠርቅ? አንተ ሰውዬ፣ እንጨት ትለካለህ እንጂ ሰው አትለካም!»

ጉሉማ ክው አለ። የተጣላ ሁሉ የሚታረቅባቸው ኦቦ ጨመዳ ክፍላቸው ምድር ቤት፣ ልክ ከበረንዳው ሥር ነው። የወለጋ ልጅ ሆኖ ይህ እንዴት ይጠፋዋል!

ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ኦቦ፣ አንድ ቀን ብቻ እላይ ወጥተው ይቀመጡልኝ። እርስዎ ካሉ ሰው ሁሉ ይቀመጣል።»

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይኸ ጉልበት ደጄን መሻገር እምቢ ብሏል። ወደ ላይ የምወጣው አንዴ ነው፤ ያን ጊዜ ያንተ ደረጃ አያስፈልገኝም።»

«አዝልዎታለሁ።»

«ያዘልከኝ ለታማ ሰው የሚሰበሰበው ሊስቅ ነው።»

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ጉሉማ ሲያለቅስ ከእንባው ሥር ተስፋ ብቅ ሲል ተሰማውና በራሱ አፈረ።

ሐዘንተኛው ሲበተን ባላምባራስ መጡ። «ማንም የማይቀመጥበት በረንዳ ምን ያደርጋል? ሳንቃ ምታና ሁለት ክፍል አድርገው።»

«ጌታዬ፣ አሁን እኮ ይቀመጡበታል።»

«ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። ምታው።»

በማግስቱ ሊመታ ወጣ። ድርቤ ተከትላው መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ፎቁ ከቆመ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ናት። መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። ተከራዮቹ በእግራቸው ጣት አለፉ፤ ልማድ ሆኖባቸዋል።

«አንድ ነገር በይኝ» አላት።

ድርቤ ጎንበስ ብላ፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሚስማር አንስታ አቀበለችው።